ሁለት ቁና፤ ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ ስለ ሄዝል ስኮት

በገበያ እህል የሚሰፍር ነጋዴ ለወዳጁ አንድ ቁና፥ ለባላጋራው ሌላ ቁና ቢያወጣ ሕዝቡ ወዲያው ይነቃበታል፤ ጮኾም ለዳኛ ያቀርበዋል። ሥነ ጥበብን የሚመዝን ሰው ግን ሁለት ቁና ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፍር ቢኖር የሚነቃበት ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ሊቅ እየተባለ ይከበራል፥ ቃሉም በመጽሐፍ ተጽፎ ለተማሪዎች ይሰጣል። የዛሬው ክርክራችን ከእንደዚህ ያለው ሰፋሪ ጋር ነው።

ክርክሩን የምናነሣው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሄዝል ስኮት በአሜሪካ አገር ያደገች፥ ጃዝንና ክላሲካል ሙዚቃን በአንድ ፒያኖ ላይ ያገናኘች ተጫዋች ናት። ባኽንና ሾፐንን፥ ሊስትንና ራኽማኒኖፍን በመጀመሪያ እነርሱ እንደ ጻፉት አድርጋ ታሰማለች፤ ከዚያም እጇን ከፒያኖው ሳታነሣ ያንኑ ዜማ በጃዝ ምት ለውጣ ትመልሰዋለች። ስለ እርስዋ የተባለውን ሁሉ ብንሰበስበው ሦስት ክስ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ከክላሲካል ሙዚቃ ወዳጆች የሚመጣ ሲሆን፥ የተከበረውን ድርሰት ወደ መጠጥ ቤት አውርዳ አረከሰችው ይላል። ሁለተኛው ከጃዝ ሰዎች የሚመጣ ሆኖ፥ የእርስዋ ነገር ለታይታ የተሠራ ብልሃት እንጂ እውነተኛ ጃዝ አይደለም ይላል። ሦስተኛው የጥንቁቆች ክስ ነው፤ እርሱም ፒያኖዋን ብቻ ብትጫወትና በአገር ጉዳይ አፏን ባትከፍት ኖሮ እንጀራዋ ባልተቋረጠ ነበር የሚል ነው። እኛ ግን ሦስቱም ክሶች ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው እንላለን፤ ይህንንም በማስረጃ እናሳያለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን ሕይወቷን ባጭሩ እንናገር። ሄዝል ስኮት በ1920 በካሪብያን ባሕር ደሴት በትሪኒዳድ፥ በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ ተወለደች። እናቷ አልማ ሎንግ ስኮት ራሷ ክላሲካል ፒያኖ የተማረች ሴት ነበረች፤ በ1924 ቤተ ሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በሐርለም ሰፈር ተቀመጠ። እናቲቱም በዚያ ሳክስፎን ይዛ ከሴቶች የሙዚቃ ጓድ ጋር ትጫወት ጀመር። ከዚህ የተነሣ ቤታቸው የሙዚቀኞች መሰብሰቢያ ሆነ፤ በጃዝ ፒያኖ ስማቸው እጅግ የገነነው አርት ቴተምና ፋትስ ዋለር የቤቱ ወዳጆች ነበሩ። እንግዲህ ልጅቷ ባኽንና ጃዝን ያገኘችው በሁለት አገር አይደለም፤ በአንድ ጣራ ሥር፥ በአንድ ፒያኖ ላይ ነው። ለሌላው ሰው ሁለት ዓለም መስሎ የሚታየው ለእርስዋ የእናቷ ቤት ነበረ።

ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷ በአሜሪካ ወደ ታወቀው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፥ ወደ ጁልየርድ፥ ለፈተና አቀረበቻት። ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚቀበለው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነበር። ልጅቷም ራኽማኒኖፍ ለፒያኖ የጻፈውን ዝነኛ ፕረሉድ መጫወት ጀመረች። በዚያ ድርሰት ውስጥ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ስምንት ድምፅ ተራርቀው በአንድ ጊዜ እንዲመቱ የታዘዘበት ቦታ ብዙ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ደግሞ ያን ያህል አይዘረጋም። እርስዋ ግን አልቆመችም፤ ስምንት ድምፅ የሚርቀውን ስድስት ድምፅ በሚርቀው እየተካች እስከ ፍጻሜው ዘለቀች። እንደሚተረከው ከትምህርት ቤቱ ሹማምንት አንዱ ይህን ከሩቅ ሰምቶ፥ የራኽማኒኖፍን ሥራ የሚያበላሸው ማን ነው ብሎ ተቆጥቶ ቢመጣ ያገኘው ያችን ሕፃን ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰር ኦስካር ዋግነር በግል ተማሪው አድርጎ ተቀበላት።

አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበልልን። ልጅቷ ድርሰቱን የለወጠችው ስላላወቀችው አይደለም፤ ጠንቅቃ ስላወቀችው ነው። ስምንተኛው ድምፅ ሲቀር ስድስተኛው ቢተካ ስምምነቱ እንደማይፈርስ ጆሮዋ ነገራት። ያላወቀ ሰው በዚያ ቦታ ቢደርስ ወይ ይቆማል፥ ወይ ያበላሻል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። መለወጥ የሚቻለው ያወቁትን ብቻ ነው። በኋላ ዘመን በሺህ ሰው ፊት ያደረገችው ነገር ሁሉ በዚያች የፈተና ቀን ከታየው ችሎታ የወጣ ነው።

በ1939 ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለች ካፌ ሶሳይቲ በተባለው የኒው ዮርክ የምሽት ክበብ መጫወት ጀመረች። ይህን ክበብ ባርኒ ጆሴፍሰን የሚባል ሰው በ1938 ሲከፍተው ጥቁሩና ነጩ በመድረኩም ላይ በመቀመጫውም ላይ ሳይለያዩ እንዲገናኙበት አስቦ ነው፤ በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ እንኳ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ ነበር። በዚያ ቤት ትዘፍን የነበረችው ቢሊ ሆሊዴይ ስትለቅ ሄዝል ስኮት በእርስዋ ቦታ እንድትተካ ያሳሰበችው ራስዋ ሆሊዴይ ናት። ሄዝል ስኮት በዚህ ክበብ ስሟ ገነነ፤ በ1940 ክላሲካል ድርሰቶችን በጃዝ ምት የተጫወተችበትን ሥራ ዴካ በተባለው ኩባንያ በሸክላ አስቀረጸች፤ በ1945 ገቢዋ በዓመት 75,000 ዶላር ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ እንግባ። አረከሰችው የሚሉት ሰዎች ምን እንዳደረገች በጥሞና አዳምጠው እንደ ሆነ እንጠራጠራለን። ባኽ ለሁለት ድምፅ ከጻፋቸው አጫጭር ድርሰቶች አንዱን እንመልከት። በዚህ ድርሰት ቀኝ እጅና ግራ እጅ እንደ ሁለት ተከራካሪዎች አንዱ የተናገረውን ሌላው እየተቀበለ ይመላለሳሉ። ሄዝል ስኮት በመጀመሪያ ይህን ክርክር አንድ ድምፅ ሳታጎድል ታሰማለች። ቀጥሎ ግራ እጇ ቡጊ ውጊ የተባለውን፥ በአንድ ስፍር ውስጥ ስምንት ጊዜ እየመታ የሚንከባለለውን ምት ይይዛል። ቀኝ እጇ ደግሞ ዜማውን ሳይለቅ ክብደቱን ከጠንካራው ምት ላይ አንሥቶ በደካማው ላይ ያሳርፈዋል፤ በመካከልም ያልተጻፈ ሐረግ እያመነጨ ይጨምራል። የባኽ ሐሳብ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቆሞ ይሄዳል እንጂ አይወድቅም። የሚወድቅ ቢሆን ኖሮ ሰሚው ዜማውን ባላወቀው፥ ደስታውም ባልተገኘ ነበር፤ ደስታው የሚመጣው የሚታወቀው ነገር በማይጠበቅ መንገድ ሲመጣ ነውና።

ለመሆኑ ንጹሕ ሆኖ ይጠበቅ የሚባለው ሙዚቃ እርሱ ራሱ እንዴት ተወለደ? ባኽ የጣልያኑን የቪቫልዲን ኮንሰርቶዎች እየወሰደ ለኦርጋንና ለሌላ ባለ ቁልፍ መሣሪያ እንደ ገና አዘጋጅቷቸዋል። ሞዛርት በኮንሰርቶዎቹ ውስጥ ተጫዋቹ ብቻውን በሚቀርበት ቦታ ያልተጻፈ ነገር ከራሱ እያመነጨ ይጫወት ነበር። ቤትሆቨን የአንድ የሙዚቃ አሳታሚን ተራ የጭፈራ ዜማ ተቀብሎ በላዩ 33 ልውጦች ጽፎበታል። ሊስት የሌሎችን ኦፔራ ለፒያኖ እየለወጠ አዳራሽ ያስጨንቅ ነበር፤ የሃንጋሪ ራፕሶዲ ያላቸውንም ሥራዎች በዘላን ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ከሰማቸው ዜማዎች አዘጋጅቷቸዋል። እነዚህ ሁሉ አረከሱ አልተባሉም፤ አባቶች ተባሉ። ሄዝል ስኮት ያደረገችው እነርሱ ያደረጉትን ነው። ከመንገዳቸው የወጣው ደብዳቤውን ይዞ መንፈሱን የጣለው ወግ ጠባቂ ነው።

በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። የዜማ ተማሪ ድጓውን በምልክቱ መሠረት ያጠናል፤ አንድ ምልክት ቢያዛንፍ መምህሩ ይመልሰዋል። ያው ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢያቀርብ የሚቀበለው የለም፤ በየቀኑ አዲስ መቁጠር ይገባዋል። መጠበቅና ማመንጨት በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ያጠነክረዋል እንጂ አያረክሰውም። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ንጽሕና የሚሰጠውን የውሸት ትምህርት ሳይመረምር ሊቀበል አይገባውም።

ዳሩ ግን የመጀመሪያው ክስ ጉድለት የታሪክ አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርን ነበር። ከበስተኋላው ሁለተኛው ቁና ተደብቋል። በ1923 ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዳርዩስ ሚዮ በሐርለም የሰማውን ጃዝ በባሌ ሙዚቃው ውስጥ አገባ። በ1924 በኒው ዮርክ በአዮልያን አዳራሽ፥ በፖል ዋይትማን ኮንሰርት ላይ፥ ጆርጅ ጌርሽዊን ራፕሶዲ ኢን ብሉ የተባለውን ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። በ1932 የራቬል የፒያኖ ኮንሰርቶ የጃዝን ጠባይ ይዞ በፓሪስ ተሰማ። ጌርሽዊን ያለ ትችት አላለፈም፤ ሆኖም ሥራው ለአሜሪካ ሙዚቃ አዲስ በር ከፈተ ተባለ፥ ዛሬም በየኮንሰርት አዳራሹ ይሰማል። ሚዮና ራቬልም ጥበባቸውን አበለጸጉ ተብለው ተመሰገኑ።

እንግዲህ ሁለቱን ቁናዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ነጩ ደራሲ ከኮንሰርት አዳራሽ ወደ ሐርለም ሄዶ የወደደውን ይዞ ሲመለስ ነገሩ ማበልጸግ ይባላል። ጥቁሯ ሴት ከሐርለም ተነሥታ ወደ ባኽ ስትሄድ ያው ነገር ማርከስ ይባላል። ድንበሩ አንድ ነው፤ መሻገሩም አንድ ነው፤ የተለየው የተሻጋሪው መልክ ብቻ ነው። ስለ ጌርሽዊን ሕይወት በ1945 በወጣው ፊልም ውስጥ ሄዝል ስኮት ራሷን ሆና ትታያለች፤ የተቀመጠችው ግን በፓሪስ የምሽት ክበብ ትርኢት ውስጥ ነው። ጃዝና ክላሲካል የተገናኙበትን ሥራ በሚያከብር ፊልም ውስጥ ሁለቱን በጣቶቿ ለምታገናኘው ሴት የተሰጠው ወንበር የክበብ ወንበር ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ። ብልሃት ነው ለሚሉት የሚገባቸውን እንስጣቸው፤ ባላጋራን በሐሰት መርታት ድል አይባልምና። በክበቡ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ብዙዎቹ በአንድ ንድፍ የተቆረጡ ናቸው፤ በመጀመሪያ ደራሲው እንደ ጻፈው፥ ቀጥሎ በጃዝ ምት፥ በመጨረሻም በፍጥነትና በጭብጨባ። አሥሩን ተከታትሎ ያዳመጠ ሰው አሥራ አንደኛው እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። በ1943 በወጣ ፊልም ውስጥም በአንድ ጥቁርና በአንድ ነጭ ፒያኖ መካከል ተቀምጣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስትጫወት ትታያለች። በ2019 ዘፋኟ አሊሺያ ኪስ በግራሚ የሽልማት በዓል ላይ ስሟን ጠርታ በሁለት ፒያኖ መጫወቷ ለብዙ ወጣቶች ይህችን ሴት አስተዋውቋታል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን ሄዝል ስኮትን በሁለት ፒያኖ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ሊቁን በእጅ ጽሕፈቱ ማማር ብቻ እንደሚያስታውስ ሰው ነው።

የከሳሾቹ ስሕተት የሴቲቱን መነሻ እንደ መድረሻዋ አድርገው መቁጠራቸው ነው። በ1955 ሪላክስድ ፒያኖ ሙድስ የተባለውን ሸክላ ስትሠራ አብረዋት የተጫወቱት ሁለት ሰዎች ባሱን የያዘው ቻርልስ ሚንገስና ከበሮውን የያዘው ማክስ ሮች ናቸው፤ ሁለቱም በዘመኑ ጃዝ ቁንጮ የነበሩ ናቸው፥ ሸክላውን ያወጣውም የእነርሱ ኩባንያ ደቡት ነው። በዚህ ሥራ ባኽን ወደ ጃዝ የመለወጥ ትርኢት የለም፤ ጭብጨባ የሚለምን ፍጥነትም የለም። ያለው ረጋ ያለ ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል፥ ግራ እጇም እንደ አጃቢ ሳይሆን እንደ ሁለተኛ ተናጋሪ ይመልሳል። በክበቡ ዘመን ጃዝና ክላሲካል ተራ በተራ ይቀርቡ ነበር፤ እዚህ ግን አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ውሕደት የሚባለው ይህ ነው። ሚንገስንና ሮችን የመሰሉ ሰዎች በብልሃተኛ ተታለው አብረው ሸክላ አይቀርጹም። እንግዲህ ይህ ጎዳና በዚህ አኳኋን ሃያ ዓመት ቢቀጥል ኖሮ የት ይደርስ ነበር? ይህ ጥያቄ ነው ወደ ሦስተኛው ክስ የሚወስደን።

ጥንቁቆቹ አንድ ሙዚቀኛ ሙዚቃውን ይጫወት፥ የቀረውን ለሚመለከተው ይተው ይላሉ። ይህ ምክር በሰላም አገር ማለፊያ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ምክሩ የተሰጠው ለማን ነበር? ሄዝል ስኮት በምትጓዝበት አገር ውስጥ በብዙ ከተሞች ጥቁሩ ሰሚ ከነጩ ሰሚ ተለይቶ እንዲቀመጥ ይገደድ ነበር። እርስዋ በዚህ ዓይነት አዳራሽ እንደማትጫወት በውሏ ውስጥ አስጻፈች። በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ ደርሳ ሕዝቡ ተለይቶ መቀመጡን ባየች ጊዜ አልጫወትም ብላ ወጣች፤ ፖሊሶችም ከከተማው ሸኟት። አንዲት ጥቁር ሴትን ለመስማት ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ ሰው እርስዋን ከመሰለ ሰው ጎን ለመቀመጥ እምቢ የሚልበት ምክንያት ምንድር ነው ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚመልሰው አላገኘም።

ከዚህ በኋላ የአዳራሹ መቀመጫ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም የሚል ካለ ይንገረን። ሙዚቃ ከሰሚው ጋር ካልሆነ በስተቀር ለማን ይጫወቱታል? ፒያኖዋ ላይ ጥቁሩንና ነጩን ቁልፍ በአንድነት የምታናግር ሴት ከፒያኖው ፊት ለፊት ያለው ሕዝብ በገመድ ተለይቶ እንዲሰማት መፍቀድ ነበረባትን? ያን ብትፈቅድ ኖሮ ብልሃተኛ የሚለው ስም በእውነት በተገባት ነበር።

በሲኒማውም እንዲሁ አድርጋለች። የጥቁር ሴት ዕጣ በፊልም ውስጥ ገረድ መሆን በነበረበት ዘመን፥ ገረድ ሆኜ አልታይም ብላ በስሟ እንድትቀርብ ተዋዋለች። በ1943 ከተሠሩት ፊልሞቿ በአንዱ ጥቁሮች ሴቶች ወደ ጦርነት የሚሄዱ ወታደሮቻቸውን ያደፈ ሽርጥ ታጥቀው እንዲሸኙ በታዘዘ ጊዜ፥ ሰው የሚወደውን ወደ ጦር ሜዳ ሲሸኝ አድፎ አይወጣም በማለት ሦስት ቀን ሥራ አቆመች። ሽርጡ ተነሣ፤ እርስዋ ግን በሆሊዉድ ላይ የከፈተችው በር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘጋባት። በ1945 በዋሽንግተን ያለው የኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ባለቤቶች ጥቁር ስለ ሆነች በዚያ እንዳትጫወት ከለከሏት። በ1949 በዋሽንግተን ግዛት በፓስኮ ከተማ አንድ ምግብ ቤት አላስተናግድም ቢላት ባለቤቶቹን ከሰሰች፥ ረታችም፤ የእርስዋም መርታት ለሰብዓዊ መብት የሚታገሉትን ሰዎች አበረታቷቸው ግዛቲቱ በ1953 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር ልዩነት እንዳይደረግ ሕግ እንድታወጣ ለመወትወት አገልግሏል።

በ1950 በቴሌቪዥን በስሟ የተጠራ ዝግጅት ተሰጣት። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በስሟ በተጠራ ዝግጅት ላይ የቀረበች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት እርስዋ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜውም ለ15 ደቂቃ፥ በዱሞንት ጣቢያ ትቀርብ ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር ሬድ ቻነልስ የሚባል መጽሐፍ ታተመ፤ በውስጡም ወደ ኮሙኒስቶች ያዘነብላሉ የተባሉ 151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ነበር። መጽሐፉን ያወጡት ግለሰቦች ናቸው፤ ዳኛ አልፈረደበትም፥ ተከሳሽም አልቀረበበትም። ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። እርስዋም ሳትጠራ ራሷ ፈቅዳ በሴፕቴምበር 22 ቀን በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበች፤ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል እንዳልሆነች መሰከረች፤ ሰውን ያለ ፍርድ በስም ዝርዝር መኰነን ለአገሪቱ እንደማይበጅም ተናገረች። ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 29 ቀን፥ ዝግጅቷ ተቋረጠ። ከዚያ ዝግጅት ተርፎ የተገኘ የፊልም ቅጂ እስከ ዛሬ የለም።

እንጀራዋን የቆረጠው ንግግሯ ነውን? አይደለም። ስሟ በዝርዝሩ ውስጥ የገባው በኮሚቴው ፊት ከመናገሯ አስቀድሞ ነው። ዝም ብትል ኖሮ ዝርዝሩ አይፋቅም ነበር፤ የተለየው ነገር ቢኖር ያለ ምስክር መጥፋቷ ብቻ በሆነ ነበር። ጥንቁቆች የበዳዩን ሥራ ለተበዳዩ ጥፋት አድርገው የሚተርኩት ምክራቸው ምን ያህል ርካሽ እንደ ሆነ እንዳይታይባቸው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ፓሪስ ሄዳ በዚያ ብዙ ዓመት ኖረች፤ በ1963ም ከጄምስ ቦልድዊን ጋር በፓሪስ በተደረገው የሰብዓዊ መብት ሰልፍ ተሰለፈች። በ1967 ወደ አሜሪካ ስትመለስ የሕዝቡ ጆሮ ወደ ሌላ ሙዚቃ ዞሮ ነበር። በ1981 በኒው ዮርክ አረፈች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ያልሆነ ነገር አለ። ሄዝል ስኮት በ1945 ያገባችው አዳም ክሌይተን ፓወል በሐርለም የምትገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪና የሕዝብ እንደራሴ ነበረ። በአገራችን ስም የምትጠራው ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተችው፥ በኒው ዮርክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በወጡ ጥቁሮች ምእመናን ነው። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የሐርለም ሕዝብ ኢትዮጵያን ለመርዳት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ነበር፤ በ1954 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ በዚያ ተገኝተዋል። እንግዲህ ሄዝል ስኮት በኦስቲን አዳራሽ ተለይቶ ለተቀመጠ ሕዝብ አልጫወትም ስትል ከ140 ዓመት ያህል በፊት የተጀመረውን እምቢታ ቀጠለች እንጂ ከሙዚቃዋ ወጥታ ወደ ባዕድ ነገር አልገባችም።

ሦስቱን ክሶች እንደ ገና ብንመረምር አንድ ነገር ይገለጥልናል። የመጀመሪያው በክላሲካል ቤት ውስጥ ቦታሽ አይደለም ይላል። ሁለተኛው በጃዝ ቤት ውስጥም ቦታሽ አይደለም ይላል። ሦስተኛው በአገር ጉዳይ ቦታሽ አይደለም ይላል። ሁሉም ስለ ቦታ የሚናገሩ ናቸው እንጂ ስለ ሥራዋ የሚናገር አንድ እንኳ የለም። ሰው የት ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ለሙዚቃ ትችት ማልበስ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ይህን መጻፋችን ያለፈን ነገር ለማልቀስ አይደለም። መምህራንን የምንጠይቃቸው ነገር አለ። ተማሪው ኖታውን ጠንቅቆ እንዲያነብ ማስገደዳችሁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኖታውን ከጨረሰ በኋላ አሁን ከራስህ አምጣ የሚል መምህር ካላገኘ ግማሽ ትምህርት ብቻ ነው የተማረው። ልጅ እጁ ስላልደረሰለት ስምንተኛውን በስድስተኛ ሲተካ የሚቆጣ አስተማሪ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል፤ ለምን ስድስተኛውን መረጥህ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጁልየርድ ሄዝል ስኮትን ያገኘው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ጆሮ ነው።

ተማሪዎችም ታሪኩን አዛብተው እንዳይረዱት እናስጠነቅቃለን። መቀላቀል የሰነፍ መጠጊያ አይደለም። ባኽን ሳይማሩ ባኽን ለመለወጥ የሚነሡ፥ የአባቶቻቸውን ዜማ ሳያጠኑ አዘመንነው የሚሉ ወጣቶች ይህችን ሴት ምስክራቸው አድርገው ሊጠሯት አይችሉም። እርስዋ ሁለቱንም ቤት ከመሠረቱ ተምራለች፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለውን ግድግዳ የቱ ጋ ቢነኩት ቤቱ እንደማይፈርስ ታውቅ ነበር።

በመጨረሻ ለሹማምንት የምንለው አለን። የአንድ ባለ ሙያ ሥራ በስም ዝርዝር አይመዘንም። ሥራውን ሳያዳምጡ፥ ሰውየውንም ፊት ለፊት ሳይጠይቁ፥ ስሙ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አለ ተብሎ በር መዝጋት ለአንድ ቀን የሥልጣን ሥራ ይመስላል፤ በኋላ ግን የሚጠየቀው በሩን የዘጋው ነው። በ1950 በሄዝል ስኮት ላይ በር የዘጉት ሰዎች ስማቸውን ዛሬ የሚጠራላቸው የለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚንገስና ከሮች ጋር የሠራችው ሸክላ ግን አሁንም ይሰማል። ያን ሸክላ ያልሰማችሁ ስሙት፤ ሰምታችሁም በአንድ ቁና ስፈሩ።